ጽሑፍ በካድ ንድፍ ላይ

በካድ ንድፍ ላይ ጽሑፍ ሲባል የክፍል ስም፣ የልኬት ቁጥር፣ የከፍታ ምልክት፣ ማስታወሻ፣ የመንገድና የሰፈር ስም፣ እንዲሁም በሉሁ ጠርዝ ያለው የርዕስ ሳጥን ይዘት ሁሉ ነው። ካድ በኮምፒውተር እገዛ ንድፍ ማውጣት ሲሆን፣ አዲስ አበባ ባሉ ቢሮዎች አውቶካድ፣ አርኪካድና ሬቪት ይሠራባቸዋል። በእነዚህ ፕሮግራሞች ጽሑፍ እንደ ግድግዳና እንደ በር ራሱን የቻለ አካል ነው፤ ቦታ፣ ቁመት፣ ማዕዘን፣ ፎንትና ሌየር፣ ማለትም የንድፉ አካላት በዓይነት ተለይተው የሚቀመጡበት ንብርብር፣ አለው። ልዩነቱ ግድግዳው መሬት ላይ የሚሠራ መሆኑ፣ ጽሑፉ ግን ከወረቀት የማይወርድ መሆኑ ነው። ነዳፊዎችን ከሚያስቸግሩት የጽሑፍ ጣጣዎች አብዛኞቹ መነሻቸው ይኸው ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ምሳሌዎች ከአዲስ አበባዎቹ ከአራዳና ከፒያሳ የተወሰዱ ናቸው። ተዳፋት መሬት፣ ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን፣ ጠባብ መንገድና ፈርሶ ስሙ ብቻ የቀረ ሰፈር በአንድ ሉህ ላይ ተሰብስበው የሚገኙበት ሌላ ቦታ በከተማው ውስጥ አይበዛም።

ከእጅ ወደ ኮምፒውተር

በቸርችል ጎዳና ራስ ላይ ያለው ማዘጋጃ ቤት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ ሲገነባ፣ ንድፍ የሚወጣው በትሬሲንግ ወረቀት ላይ በቀለም ነበር። ጽሑፉም በእጅ ወይም በስቴንስል ይሰፍር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመውና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ልደታ የሚገኘው የያኔው የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሥራ በጀመረበት ዘመን፣ ንድፍ መማር ማለት ፊደል አጣጣል መማርም ነበር። የእጅ ጽሑፍ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ ጸሐፊው ፊደሉን የሚጥለው በወረቀቱ ላይ በትክክለኛው መጠኑ ስለሆነ ስለ ስኬል የሚያሰላው ነገር አልነበረም።

አውቶካድ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1982 ሲወጣ ንድፍ የሚታተመው ብዕር ይዞ በሚንቀሳቀስ ፕሎተር ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ፎንቶች በነጠላ መስመር የተሠሩ ሆኑ፤ ብዕሩ አንዴ ሄዶ የሚጨርሰው ዓይነት። ኤስኤችኤክስ የሚባሉት እነዚህ ፎንቶች ቀላልና ፈጣን ስለሆኑ ዛሬም ይሠራባቸዋል። ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጡት የተለመዱት ግን የግዕዝን ፊደል አያውቁም።

ቁመትና ስኬል

በካድ ሕንፃው የሚሳለው በእውነተኛ ልኩ ነው። 5 ሜትር የሆነ ክፍል በፋይሉ ውስጥም 5 ሜትር ነው፤ የሚያንሰው በሚታተምበት ጊዜ ነው። ጽሑፍ ግን በሉሁ ላይ ሊኖረው ከሚገባው ቁመት ወደ ኋላ ይሰላል። በ1፡100 በሚታተም ወለል ፕላን ላይ 2.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ እንዲወጣ የተፈለገ ፊደል በፋይሉ ውስጥ 250 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ አሃዱ ሜትር ከሆነ 0.25። የመጸዳጃ ቤቱ ዝርዝር በ1፡50 ሲወጣ 125 ሚሊ ሜትር ይበቃል። በ1፡2000 ካርታ ላይ «ፒያሳ» የሚለውን ቃል በ5 ሚሊ ሜትር ማሳተም የፈለገ ሰው በፋይሉ ውስጥ 10 ሜትር ቁመት ያለው ፊደል ይጥላል፤ በመሬቱ ልክ ቢታይ ከባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ጋር ይተካከላል።

ይህን ስሌት ለማስቀረት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ጽሑፉን በሞዴሉ ላይ ሳይሆን በሉሁ ገጽ ላይ መጻፍ ነው። ሁለተኛው በአውቶካድ 2008 የመጣው፣ በስኬሉ ልክ መጠኑን የሚቀያይር ጽሑፍ ነው። ሬቪት ከመነሻውም የጽሑፍን ቁመት በወረቀት ልክ ነው የሚይዘው። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳትበት ሌላ ነገር ደግሞ የጽሑፍ ስታይል፣ ማለትም ፎንቱንና ቁመቱን የሚወስነው ቅንብር፣ ነው። በስታይሉ ላይ ቋሚ ቁመት ከተሞላ፣ አውቶካድ ለልኬት ቁጥሮች ለብቻ የተሰጠውን ቁመት ችላ ይለዋል። ቁጥሮቹ አልታዘዝ ሲሉ መጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ ነው፤ ስታይሉ ላይ ያለው ቁመት ዜሮ ቢሆን ይመረጣል።

በዓለም አቀፉ የአይኤስኦ 3098 ደረጃ የተመከሩት ቁመቶች 1.8፣ 2.5፣ 3.5፣ 5፣ 7፣ 10፣ 14 እና 20 ሚሊ ሜትር ናቸው። አንዱ ከሌላው የሚበልጠው 1.4 ጊዜ ያህል ነው፤ የወረቀት መጠኖቹ ከኤ0 እስከ ኤ4 የሚቀናነሱትም በዚሁ ልክ ነው። ስለዚህ በኤ1 ሉህ ላይ 3.5 የሆነ ጽሑፍ ወደ ኤ2 ሲያንስ 2.5፣ ወደ ኤ3 ሲያንስ 1.8 ገደማ ሆኖ ይወጣል። ይህ ለአዲስ አበባ ነዳፊ የመጽሐፍ ነገር አይደለም። በኤ1 የተሠራ ንድፍ ወደ ሳይት የሚወርደው ብዙ ጊዜ በኤ3 ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ነው። ቢሮ ውስጥ በስክሪን ላይ ያማረው 2.5 ሚሊ ሜትር ፊደል ፎርማኑ እጅ ሲደርስ 1.25 ሆኗል።

ፊደልና ፎንት

የላቲን ጽሑፍ በንድፍ ላይ በአብዛኛው በትልልቁ ፊደል ብቻ ይጻፋል፤ ሁሉም እኩል ቁመት ስላለው በትንሽ መጠንም ይነበባል። የአማርኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ድምፁን የሚለየው ከእግሩ ወይም ከጎኑ የሚወጣው ትንሽ ምልክት ነው። ቢ እና ቤ በምን ይለያሉ? የመጀመሪያው እግር ወደ ጎን ይታጠፋል፣ የሁለተኛው ቀለበት ይሠራል። በ1.8 ሚሊ ሜትር ቀለበቱ ቀለም ይሞላውና ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ሐ፣ ጠ እና ጨ በሦስት እግራቸው መካከል ያለው ክፍተት ይደፈናል። ቦታ ጠበበ ተብሎ የፊደሉ ስፋት ወደ 0.8 ሲጨመቅ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ የላቲኑን ዝቅተኛ ቁመት ለአማርኛ እንዳለ መውሰድ አይገባም። በመጨረሻው ወረቀት ላይ ከ2.5 ሚሊ ሜትር በታች አለመውረድ፣ ወደ ኤ3 የሚያንስ ከሆነም በኤ1 ላይ በ5 መነሣት ያዋጣል። ፊደልን ማዘንበልም ለላቲን የተለመደ ቢሆንም ለግዕዝ ፊደል አያምርበትም፤ አያስፈልገውምም።

የፎንቱ ታሪክ ከዚህ ይከፋል። አንድ ባይት 256 ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ የአማርኛ ፊደል ደግሞ ከነዲቃሎቹ ከ200 በላይ ቅርጽ ስላለው ከላቲኑ ጋር አብሮ አይገባም። የቀድሞዎቹ የአማርኛ ፎንቶች መፍትሔያቸው ፊደሉን በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ መደረብ ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 የራሱን ኮድ አገኘ፤ የአውቶካድ ፋይልም በ2007 ቅርጹ ጽሑፍን በዩኒኮድ መያዝ ጀመረ። እስከዚያ በየቢሮው የተከማቸው ንድፍ ግን በአሮጌው ኮድ እንደተጻፈ አለ።

በዚህ ምክንያት የአማርኛ ንድፍ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት ሁለት ዓይነት ብልሽት ይታያል፤ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው። ጽሑፉ የጥያቄ ምልክት ወይም ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታየ ውስጡ ደህና ነው፤ ስታይሉን ፊደሉን ወደሚያውቅ ፎንት፣ ለምሳሌ ወደ አቢሲኒካ ወይም ወደ ኖቶ መቀየር ይበቃል። ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ከታየ ግን ጽሑፉ የተከተበው በአሮጌው መንገድ ነው። የጥንቱን ፎንት ፈልጎ መጫን ወይም ጽሑፉን በመለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ማዛወር ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ ዝም ብሎ የሚያልፍ ብልሽትም አለ። ኒያላ የተባለው ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር መጥቶ ነበር፤ በዊንዶውስ 10 ግን ተፈልጎ የሚጫን ሆነ። በኒያላ የተጻፈ ንድፍ በሌላ ፎንት ሲከፈት ሁሉም ፊደል ይነበባል፤ ስፋቱ ግን ስለሚለያይ ማስታወሻው ከሳጥኑ ይወጣል፣ የመስመሩ አሰባበር ይቀየራል።

የግዕዝ ቁጥር ለልኬት አያገለግልም። ዜሮ የለውም፣ አሃዞቹም በቦታቸው ዋጋ አይለዋወጡም፤ 3.05 ሜትርን በእርሱ መጻፍ አይቻልም።

አቀማመጥ

መሠረታዊው ደንብ ጽሑፍ ከሉሁ ግርጌ ወይም ከቀኝ ጎኑ ቆሞ እንዲነበብ ነው። አራት ማዕዘን በሆነ ቤት ይህ ቀላል ነው። የአራዳ ጊዮርጊስ ካቴድራል ግን ውጩ ስምንት ማዕዘን ነው። የየጎኑ ልኬት ከግድግዳው ጋር ተስተካክሎ እንዲጻፍ ከተፈለገ፣ ጽሑፉ ዝም ብሎ ዙሪያውን ሲከተል ግማሹ ተገልብጦ ይወጣል። ተቃራኒ ጎኖች አንድ ማዕዘን ስለሚጋሩ አንዱ ጎን አግድም ሆኖ ለተቀመጠ ፕላን አራት የጽሑፍ ማዕዘኖች ይበቃሉ፤ 0፣ 45፣ 90 እና 315 ዲግሪ። አንባቢው ወረቀቱን ማዞር የለበትም።

የክፍሎቹ ስም ሌላ ፈተና ነው። ክብ ቅርጽ ባላቸው አብያተ ክርስቲያናት እንደተለመደው ቦታው ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ ይከፈላል። ቅኔ ማኅሌቱ ቀለበት ነው፤ የቀለበት መካከል ደግሞ ከቀለበቱ ውስጥ አይደለም። የአንድን ቦታ መካከል አስልቶ ስሙን እዚያ የሚጥል ፕሮግራም «ቅኔ ማኅሌት»ን የሚያሳርፈው መቅደሱ ላይ ነው፤ «ቅድስት»ንም እንዲሁ። ሦስቱ ስሞች ይደራረባሉ። ነዳፊው በእጁ ወስዶ የውጩን ስም በመግቢያው በኩል፣ ቀለበቱ ሰፋ ብሎ በሚታይበት ጎን ማስቀመጥ አለበት። ምናልባትም አንዱን ስም በሁለት ቦታ መድገም ይሻላል፤ በቀለበት ላይ ድግግሞሽ ነውር አይደለም።

ከጊዮርጊስ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ሲወረድ መሬቱ ያዘቀዝቃል። በከፍታ መስመሮች ላይ የሚጻፈው ቁጥር፣ በአዲስ አበባ ሁልጊዜ ባለ አራት አሃዝ ሜትር፣ በካርታ ሥራ ልማድ ራሱን ወደ ዳገቱ አድርጎ ይጻፋል፤ አንባቢው ቁጥሩን አይቶ ብቻ ቁልቁለቱ ወዴት እንደሆነ ያውቃል። ነገር ግን ዳገቱ ወደ ሉሁ ግርጌ በሆነበት ቦታ ይህ ልማድ ከላይኛው ደንብ ጋር ይጋጫል፤ ቁጥሩ ይገለበጣል። ለቀያሽ ካርታ ልማዱ፣ ለአርክቴክት ሳይት ፕላን ደንቡ ቢመረጥ ያስኬዳል። የማያስኬደው ሁለቱን በአንድ ሉህ መቀላቀል ነው። እንደ ሰባ ደረጃ ባለ ደረጃ ላይ ደግሞ ቀስቱ ወደሚወጣበት አቅጣጫ ተስሎ «ወደ ላይ» ይጻፍበታል።

ጠባብ መንገድ ስሙን የማይችል ከሆነ ስሙን ማሳነስ አይፈቀድም። ወደ ባዶ ቦታ አውጥቶ በሊደር፣ ማለትም ቀስት ባለው መስመር፣ ማያያዝ ነው። ጽሑፍ መስመር ላይ ወይም በሃች፣ ማለትም በተደጋጋሚ መስመሮች፣ በተሞላ ቦታ ላይ ካረፈ ከበስተኋላው መሸፈኛ ይደረግለታል።

ሌላው ሳይታሰብ የሚመጣው ጣጣ የመጋጠሚያ ቁጥር ነው። የይዞታ ካርታዎች የሚሠሩበት ዩቲኤም የተባለው የመጋጠሚያ ሥርዓት፣ በዞን 37፣ ፒያሳን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 1 ሚሊዮን ሜትር ሊሞላ ጥቂት በቀረው ቦታ ላይ ያኖራታል። ሕንፃው በሚሊ ሜትር ተስሎ እዚያ ርቀት ላይ ሲቀመጥ፣ በስክሪን ላይ ጽሑፍና ሃች መንቀጥቀጥና መሰባበር ይጀምራሉ። ንድፉን በመነሻው ነጥብ አጠገብ ሠርቶ የመጋጠሚያ ቁጥሮቹን በሠንጠረዥ መጻፍ ያድናል።

ስምና ሌየር

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ፣ በንድፍ ላይ ያለው ስም ከመሬቱ ተለየ። ጽሑፍ በራሱ ሌየር ላይ፣ ያውም «ነባር»፣ «የሚፈርስ» እና «አዲስ» ተብሎ ተለይቶ መቀመጥ ያለበት ለዚህ ነው። የሚፈርሰው ሌየር እንዳይታይ ይደረጋል እንጂ አይሰረዝም፤ የድሮው ይዞታ የት እንደነበር የሚጠይቅ ሰው አይጠፋምና።

ስሞቹን ፈልጎ ለማግኘት አጻጻፋቸው አንድ መሆን አለበት። የካድ ፕሮግራም ሰ እና ሠን፣ ጸ እና ፀን፣ ሀ እና ሐን የሚያያቸው እንደ ተለያዩ ፊደላት ነው። «ሠራተኛ ሰፈር» ብሎ የፈለገ «ሰራተኛ ሰፈር» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም። አንድ ቢሮ የስም ዝርዝሩን በአንድ ገጽ ወስኖ ቢያስቀምጥ ከብዙ ድካም ይድናል።

ቋንቋውስ? አዲስ አበባ ውስጥ ከንድፍ አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለተሰጠ እንጂ አንባቢው ስለጠየቀ አይደለም። ብረት የሚያስረውና ግንቡን የሚያነሣው ሰው ማስታወሻውን በአማርኛ ቢያገኝ ይቀለዋል። ቢያንስ አጠቃላይ ማስታወሻውና የክፍሎቹ ስም በሁለቱም ቢሆን፣ አማርኛው ከላይ፣ ሉሁ አይጨናነቅም።

የርዕስ ሳጥንና ኅትመት

ለግንባታ ፈቃድ የሚቀርብ ፕላን ማን እንደሠራው መታወቅ አለበት። የርዕስ ሳጥኑ የባለቤቱን ስም፣ ክፍለ ከተማና ወረዳ፣ የነዳፊውን ስም፣ ስኬል፣ የሉህ ቁጥርና ቀን ይይዛል፤ በተለምዶ ከታች በቀኝ በኩል የሚሆነው ሉሁ ሲታጠፍ ከላይ እንዲታይ ነው። ከሁሉ አደገኛው ቀኑ ነው። «2010» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ንድፍ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልተገለጸ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሊያሳስት ይችላል፤ ስለዚህ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» መጨመር የግድ ነው።

ንድፉ ወደ ፕሎተር ቤት የሚሄደው ፎንቱ ውስጡ በተካተተ ፒዲኤፍ ቢሆን የፎንት ጣጣው ይቀራል። ቢሆንም አታሚው ሉሁን ከወረቀቱ ጋር አመጣጥኖ ያትም የሚለውን ምርጫ ከነካ ንድፉ በጥቂት በመቶ ይጠብባል፤ በዓይንም አይታወቅም። ከስኬሉ ቁጥር ጎን የተሳለ የስኬል ባር ካለ ባሩ አብሮ ይጠብባል፤ በእርሱ ለክቶ ማረም ይቻላል። 1፡100 የሚለው ጽሑፍ ግን ሉሁ ቢጠብም ባይጠብም 1፡100 እንዳለ ነው።