«የሰይጣን ቤት» ያሉት ሰዎች ተሳስተው ነበር?

የጊንጪ ተማሪዎቼ ታስታውሱ እንደሆነ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተከፈተውን ሲኒማ ሰዉ «የሰይጣን ቤት» እንዳለው ስነግራችሁ ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። «ባለማወቅ ነው» ብዬም አለፍኩት። አሁን ይቆጨኛል።

ሰሞኑን ማታ ማታ የድሮ ጥቁርና ነጭ የመንፈስ ፊልሞችን እያየሁ ነው። አንደኛው ስዊድናዊው ቪክቶር ሾስትሮም እ.ኤ.አ. በ1921 የሠራው ድምፅ አልባ ፊልም ነው። በአዲስ ዓመት ዋዜማ ከሁሉም መጨረሻ የሞተ ሰው፣ ዓመቱን ሙሉ የሞት ጋሪ እየነዳ ነፍስ ይሰበስባል። ዘዴው ቀላል ነው፦ በአንዱ ፊልም ላይ ሁለቴ ይቀረጻል፤ ጋሪው እንደ ጭስ ስስ ሆኖ ከጀርባው ያለው ሁሉ ይታያል። ደግሞ እነዚያ ተዋንያን ሁሉ ዛሬ በሕይወት የሉም። ስልኬ ላይ ግን ይሄዳሉ፣ ያለቅሳሉ።

የእኛም ሰው ያየው ይህንኑ እኮ ነው፦ እዚያ የሌለ ሰው ግድግዳ ላይ ሲራመድ! ምን ብሎ ይጥራው? ሩሲያዊው ደራሲ ማክሲም ጎርኪ እ.ኤ.አ. በ1896 የሉሚየር ወንድማማቾችን ፊልም አይቶ፣ የጥላዎች ግዛት እንደገባ አድርጎ ነው የጻፈው። እሱን «አላዋቂ» ብዬ አላስተማርኳችሁም።

የሮበርት ዋይዝን «ዘ ሆንቲንግ» (1963 እ.ኤ.አ.) ደግሞ እንዳታልፉት። መንፈሱ አንዴም አይታይም፤ በሩ ብቻ ወደ ውስጥ ያብጣል። መብራት ካልጠፋ ዛሬ ማታ እዩትና ጻፉልኝ።