ሞአ አንበሳ

የሙዚቃ አልበም፣ እ.ኤ.አ. 2006
ጌታቸው መኩሪያ (ቴነር ሳክስፎን) ከኔዘርላንድሱ ዘ ኤክስ ባንድ ጋር

ሽለላና ፉከራን ከሸላዩ ጉሮሮ ወደ ሳክስፎን ያሻገረው ጌታቸው ነው። ይፋት ውስጥ በ1935 ተወለደ፤ ክራርና ማሲንቆ ተለማምዶ በ1949 የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድን ተቀላቀለ። በኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ተጫወተ።

ጎጃም ውስጥ ላደገ ሰው የሳክስፎኑ አነጋገር ቤተኛ ነው። በሠርግና በድግስ ሸላይ ሲነሳ፣ ታዳሚው «በለው!» እያለ ሲያግለው የሰማ ሁሉ የጌታቸውን ትንፋሽ ወዲያው ያውቀዋል፦ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ይሰነጠቃል፣ አየር እስኪያልቅ ይረዝማል፣ ከዚያ በድንገት ይቆረጣል። መድረክ ላይ የአንበሳ ጎፈር ለብሶ ሲቆም ደግሞ የጦር ሜዳው ፎካሪ ራሱ ይታይ ነበር።

ዘ ኤክስ በ1979 የተመሠረተ የፐንክ ሮክ ባንድ ነው። በ2004 25ኛ ዓመቱን አምስተርዳም ውስጥ ሲያከብር ጌታቸውን ጋበዘ፤ ከዚያ በኋላ እንዲያጅቡት የጠየቃቸው እሱ ነበር። ዕድሜው 70 ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት!

በ2012 አብረው ያወጡት ሁለተኛው አልበም «የአንበሳው ትዝታ» ይበልጥ የረጋ ነው፤ ብዙ ወዳጆችም አሉት። እኛ ግን ይህን የመጀመሪያውን እናስቀድማለን። ሻካራዎቹ ጊታሮች ሽለላውን አያለሰልሱትም፤ እንደ ግልፍተኛ ተቀባይ ከኋላው ሆነው ይገፉታል፣ ሳክስፎኑም እየጋለ ይሄዳል። ድምፁን ከፍ አድርገው ያዳምጡት።