ለመጣል የታተመ ወረቀት

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ. ማለቴ ነው፣ ከዚህ በኋላም እንደዚያው) በአሜሪካ ቪዲዮ ማከራያ መስኮት ላይ ወራት የከረመ ፖስተር እጃችሁ ቢገባ መጀመሪያ የምታስተውሉት ሰማያዊነቱን ነው። ፀሐይ ቀዩንና ቢጫውን ቀለም ቀድማ ትበላለች፤ ሰማያዊውና ጥቁሩ ይቀራል። ዘንዶው ሰማያዊ፣ ልዕልቲቱ ሰማያዊ፣ እሳቱ ሳይቀር ሰማያዊ! ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለውን ዋጋ አይሰጡትም። እኔ ግን ለእሱ አደላለሁ። ሥራውን ሠርቶ ጡረታ የወጣ ወረቀት ነዋ።

የሲኒማ ፖስተር ሰብሳቢ ሞልቷል። እዚህ የማወራው ስለ ሌላው ነው፤ ፊልሙ ከሲኒማ ወርዶ በካሴት ሲወጣ ለሱቆች ይላክ ስለነበረው። ፖስተር አለ፣ በሰው ቁመት የተቆረጠ ካርቶን አለ፣ ባንኮኒ ላይ የሚቀመጥ ማሳያ አለ፣ ሠራተኞቹ ደረታቸው ላይ የሚሰኩት ባጅ አለ። ሁሉም ለጥቂት ሳምንታት የተሠሩ ነበሩ። ቀጣዩ ፊልም ሲመጣ ቦታው ስለሚያስፈልግ ወደ ቆሻሻ ይሄዳሉ፣ ወይም ከሠራተኞቹ አንዱ ጠቅልሎ ቤቱ ይወስዳቸዋል። ዛሬ የቀረው አብዛኛው እንዲህ የተረፈው ነው። (በእኛ ሰፈር ቪዲዮ ቤቶች ይህን ሥራ የሚሠራው ደጃፍ የቆመ ጥቁር ሰሌዳ ነበር። የዛሬው ፊልም በጠመኔ ይጻፋል፣ ነገ በጨርቅ ይጠፋል። ለሰብሳቢ ምንም አልተወም።)

ለምን በተለይ የፋንታሲ ፊልም? ምክንያቱም ብዙዎቹ የተወደዱት ሲኒማ ቤት ሳይሆን ሳሎን ውስጥ ነው። የጂም ሄንሰን «ላቢሪንዝ» በ1986 ሲወጣ 25 ሚሊዮን ዶላር ያህል ፈጅቶ አሜሪካ ውስጥ ያገኘው ከ13 ሚሊዮን በታች ነበር። ዴቪድ ቦዊ እንኳ አላዳነውም። «ዘ ፕሪንሰስ ብራይድ» በ1987 ወጥቶ 30 ሚሊዮን ገደማ ቢያስገባም ያኔ እንደ ትልቅ ስኬት የቆጠረው አልነበረም። ሁለቱንም ትውልድ በቃሉ እስኪያነበንባቸው ያደረሳቸው ካሴት ነው። እንግዲህ የሲኒማው ፖስተር የሚነግረን ፊልሙ እንዴት እንዳልተሸጠ ከሆነ፣ ሁለተኛው ሽያጭ እንዴት እንደተሞከረ ለማወቅ ያለን ማስረጃ ይሄ የሱቅ ወረቀት ነው።

የእኔ ተወዳጅ ግን ከሁሉም የማያምረው ነው፤ ለባለሱቁ ብቻ ይላክ የነበረው የማዘዣ ወረቀት። ነገሩን ለመረዳት ዋጋውን ማወቅ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ሕግ አንድ ካሴት የገዛ ሰው ያንኑ ካሴት መልሶ ለማከራየት የፊልም ኩባንያውን ፈቃድ አያስፈልገውም። ባለሱቁ መቶ ጊዜ ቢያከራየው ኩባንያው ከኪራዩ ሳንቲም አያገኝም። ስለዚህ ኩባንያዎቹ ትርፋቸውን ገና ከመጀመሪያው ለመውሰድ አንዱን ካሴት 80 እና 90 ዶላር ድረስ ሸጡት። በዚህ ዋጋ ተመልካቹ አይገዛም፤ ገዢው ባለሱቁ ነው። ወረቀቱም የሚያናግረው እሱን ነው። ከፊት ጠንቋይና ባለ ሰይፍ ጀግና፣ ከጀርባ የካሴቱ ቁጥር፣ የደቂቃው ርዝመት፣ የማዘዣው የመጨረሻ ቀን፣ «ሁለት ፖስተር በነፃ እንልካለን»። አንድም ቦታ ላይ «ይህ ፊልም ያስለቅስሃል» የሚል የለም፤ «ያከራይልሃል» ነው የሚለው። ተረቱ እንዴት ወደ ሸቀጥ እንደተተረጎመ ከዚህ በላይ ግልጽ ሰነድ እኔ አላየሁም።

ከዚያ አቅጣጫው ተለወጠ። በ1988 የስፒልበርግ «ኢ.ቲ.» ካሴት 24 ዶላር ከ95 ሳንቲም ተባለ፤ ከዚያም ላይ ፔፕሲ ለገዢዎች 5 ዶላር ይመልስ ነበር። በዓመቱ «ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ» 50ኛ ዓመቱን አስታኮ በዚያው ዋጋ ሲወጣ፣ ተመላሹን የሚከፍለው ዳውኒ የተባለው የልብስ ማለስለሻ ሆነ። ዶሮቲ ከነቀይ ጫማዋ የልብስ ማለስለሻ ስትሸጥ አስቡት! አሁን ማስታወቂያው ባለሱቁን ትቶ እናቶችን ማናገር ጀመረ። የ5 ዶላሩ ኩፖን ደግሞ ከነሕይወቱ የሚገኘው በጭንቅ ነው፤ ሰው ቆርጦ በፖስታ ይልከው ነበርና። የተሳካለት ኩፖን የጠፋው ነው።

በ2002 «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» በዲቪዲ ሲመጣ ኩባንያዎቹ ሰብሳቢ የሚባል ሰው መኖሩን አውቀዋል። ነሐሴ ላይ አጭሩ ቅጂ፣ ኅዳር ላይ የተራዘመው ወጣ። ከተራዘመው ጋር በልዩ ሣጥን የአርጎናት ሐውልቶች የመጽሐፍ መደገፊያ ሆነው ተሸጡ። በ2003 የጎለም ሐውልት፣ በ2004 የሚናስ ቲሪት ከተማ ተከተሉ። ቆንጆ ናቸው፣ አልካድኩም። ግን ለመቀመጥ ተሠርተው የተቀመጡ ናቸው። ገዢው ካርቶኑን እንኳ ሳይጥል በጥንቃቄ አስቀምጧቸዋል። ለዚያው ዲቪዲ ሱቅ በር ላይ ቆሞ የነበረው ካርቶን ጋንዳልፍ ግን በሚቀጥለው ወር ታጥፎ ተጥሏል።

ሱቆቹም ብዙ አልቆዩም። ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች በ2006 አካባቢ ካሴት ማውጣት አቆሙ። በ2004 ወደ 9,000 ሱቅ የነበረው ብሎክበስተር በ2010 መክሰሩን አስታወቀ። የሱቁን ዘመን ቁም ነገር ብለው የያዙት ዘግይተው ነው። የዬል ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በ2015 ወደ 2,700 የሚጠጉ የ1970ዎቹና የ80ዎቹ ካሴቶችን ገዛ፤ አብዛኞቹ አስፈሪና ርካሽ የሚባሉ ፊልሞች ነበሩ። ለታሪክ አጥኚ የካሴቱ ሽፋንና ከፊልሙ በፊት የሚመጣው ማስታወቂያ የፊልሙን ያህል ያወራል።

ዛሬ ፖስተሮቹ ዋጋ ሲያወጡ አስመስሎ አታሚውም በዛ። በማጉያ መነጽር ብታዩት የድሮው የማተሚያ ቤት ሥራ በረድፍ የተደረደሩ የቀለም ነጠብጣቦች ያሳያል፤ ከኮምፒዩተር የወጣው ግን ብትንትን ያለ ነው። የማዘዣ ወረቀቱን ግን ማን አስመስሎ ያትመዋል? ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው የለም።