የቀበሮው ሁለት መልክ

በ18ኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ በለንደን ስሙ የገነነ ፖለቲከኛ ሁሉ ሁለት መልክ ነበረው። አንደኛው፣ ባለመልኩ ልብሱን አሳምሮ በሠዓሊ ፊት ተቀምጦ የሚያሠራው ነው። ሁለተኛው ግን ሳይጠየቅና ሳይፈቅድ የሚሣልበት ነበር። የስላቅ ሠዓሊው በመዳብ ሰሌዳ ላይ በመርፌ ይጭረዋል፤ አሲድ መስመሩን ያጠልቀዋል፤ ከማተሚያው የወጣው ወረቀትም በእጅ ቀለም ተቀብቶ በመደብር መስኮት ይሰቀላል። መግዣ የሌለው መንገደኛ ከመስኮቱ ፊት ቆሞ በነጻ ይስቃል።

እነዚህ ሁለት መልኮች እጅግ ከተራራቁባቸው ሰዎች አንዱ ቻርልስ ጄምስ ፎክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1749 ተወልዶ ገና በ19 ዓመቱ ለሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት የተመረጠው ይህ ሰው ከዘመኑ ታላላቅ ተናጋሪዎች ይቆጠራል። በአንጻሩም ቁማር ወዳድና ባለዕዳ፣ ሰውነቱ ወፍራም፣ ቅንድቡ ጥቁርና ጥቅጥቅ ያለ ነበር። ስሙ በእንግሊዝኛ ቀበሮ ማለት ስለሆነ፣ የስላቅ ሠዓልያን ጭራና ሹል አፍ ሊቀጥሉለት ብዙ አልደከሙም።

በ1783 ፎክስ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳለ፣ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያን አስተዳደር ፓርላማ ለሚሰይማቸው ሰባት ኮሚሽነሮች የሚሰጥ ረቂቅ ሕግ ወጣ። ደጋፊዎቹ የኩባንያውን ግፍ ለመግታት ነው አሉ፤ ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ፎክስ የሕንድን ሹመት ለወዳጆቹ ሊጠቀልል ነው አሉ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ጄምስ ሴየርስ አንድ ሥዕል አሳተመ። ፎክስ እንደ ምሥራቅ ንጉሥ ጥምጥም ጠምጥሞ፣ በዝሆን ተቀምጦ፣ የኩባንያው ጽሕፈት ቤት ወደሚገኝበት ወደ ሌደንሆል ጎዳና በድል ሲገባ ያሳያል። የዝሆኑ ፊት ትናንት ባላንጣው፣ ያን ጊዜ የጥምር መንግሥት ባልደረባው የነበረው የሎርድ ኖርዝ ፊት ነው። ፊት ፊት እየሄደ መለከት የሚነፋው ደግሞ ኤድመንድ በርክ ነው።

ረቂቁ በእንደራሴዎቹ ምክር ቤት ቢያልፍም በመኳንንቱ ምክር ቤት ወደቀ። ንጉሥ ጆርጅ 3ኛም ሚኒስትሮቹን አሰናብቶ የ24 ዓመቱን ዊሊያም ፒትን ጠቅላይ ሚኒስትር አደረገ። መንግሥቱን የጣለው የንጉሡ እጅ ነው፤ ውድቀቱን በሕዝብ ዓይን ተገቢ ለማስመሰል ግን ዝሆኑ ሳይረዳ አልቀረም። ፎክስ ራሱ፣ ከምክር ቤት ክርክር ይልቅ የሴየርስ ሥዕሎች የበለጠ እንደጎዱት መናገሩ ይወሳል።

በ1784 ጆሹዋ ሬይኖልድስ የሣለው የፎክስ ምስል በሮያል አካዳሚ ትርኢት ቀረበ። ውፍረቱ አልተደበቀም፤ ቅንድቡም ያው ነው። ነገር ግን በአጠገቡ ከተቀመጡት ወረቀቶች አንዱ ያ የወደቀው ረቂቅ ሕግ ነው። ሴየርስ ዝሆን ያደረገውን ነገር ሬይኖልድስ ወደ ወረቀትነቱ መለሰው።

ሣቅ ምንጊዜም የደካማው መሣሪያ ነው ብሎ ማመን ደስ ያሰኛል። የፎክስ ታሪክ ግን ይህን እምነት ይፈታተነዋል። ሴየርስ ከፒት መንግሥት ሹመት አገኘ። በጥበቡ ከእርሱ የሚልቀው ጄምስ ጊልሬይ ፒትንም ቢሆን በብዙ ሥዕሎች ተሳልቆበታል። ሆኖም በ1796 ፈረንሳዮች ለንደንን ወርረው፣ ፎክስ ፒትን በምሰሶ አስሮ ሲገርፈው ሣለ፤ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ከመንግሥት በምሥጢር ዓመታዊ አበል መቀበል ጀመረ። ከመስኮቱ ፊት የሚስቀው መንገደኛ የሣቁን ዋጋ ማን እንደከፈለ አያውቅም ነበር።

ፎክስ በሰኔ 1806 የባሪያ ንግድ እንዲቀር ለምክር ቤቱ ያቀረበው ሐሳብ በ114 ድምፅ በ15 ላይ ተቀባይነት አገኘ። እርሱ በመስከረም ሞተ፤ ሕጉ በ1807 ወጣ። በዌስትሚኒስተር አቤይ ሪቻርድ ዌስትማኮት የቀረጸው የመታሰቢያ ሐውልት፣ ፎክስን በነጻነት ክንድ ላይ ሲያርፍ፣ አንድ አፍሪካዊ ደግሞ ከእግሩ ሥር ተንበርክኮ ያሳያል። ዝሆኑና ቀበሮው ከዚያ የሉም። ግን ይህም ምስል ሙሉውን እውነት አልያዘም፤ ባርነት ራሱ በቅኝ ግዛቶቹ እንዲቀር የሚደነግገው ሕግ የወጣው በ1833 ነው፤ ሰንሰለቱን ለመበጠስ በየደሴቱ የታገሉትም ተንበርካኪዎች አልነበሩም። የስላቅ ሥዕሉ ሰውየውን አሳንሶታል፤ እብነ በረዱ ደግሞ እርሱን ከፍ ለማድረግ ሌላውን አንበረከከ። ስለዚህ ተመልካች በአንድ ምስል ፊት ሲቆም ማን እንደተሣለ ብቻ ሳይሆን፣ ማን እንዳሣለውም ሊጠይቅ ይገባዋል።