አፋርኛ ኮምፒውተር ውስጥ እንዴት ገባ?

ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ የሚወስደው አስፋልት አዋሽ ሰባት ላይ ለሁለት ይከፈላል፡፡ አንዱ ወደ ድሬዳዋና ሐረር ይቀጥላል፤ ሌላው ሸለቆውን ይዞ ሰመራ ይገባል፡፡ በዚህኛው መስመር፣ በአገሬው ቋንቋ፣ እሁድ ‹‹አሐዳ››፣ ሰኞ ‹‹ኤትሌኒ››፣ አርብ ‹‹ጉምዓታ›› ነው፡፡ ሊኑክስ የተጫነበትን ኮምፒውተር የኢትዮጵያን አፋርኛ መርጣችሁ ቀኑን ብትጠይቁት እሱም እነዚህኑ ስሞች ይነግራችኋል፡፡

እስኪ እንጠይቅ፤ ማን አስተማረው?

ሚኒስቴር አይደለም፤ ትልቅ ኩባንያም አይደለም፡፡ አብዛኛው ሊኑክስ የሚጠቀምበት የጂ.ኤን.ዩ. ሲ ላይብረሪ ውስጥ አንዲት አጭር ፋይል አለች፡፡ ምንጯ ‹‹ግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን›› ይላል፤ ቀኗ ሰኔ 28 ቀን 1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 2003) ነው፤ ያቀረባት ዳንኤል ያዕቆብ ነው፡፡ የጅቡቲና የኤርትራ አፋርኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ ብሌንና ትግረም በዚያው እጅ ገብተዋል፡፡

ዳንኤል ከይትና ፍርድይወቅ ጋር በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፊደላችንን በላቲን ቁልፎች የሚወክለውን ‹‹ሴራ›› የተባለ ሥርዓት ያዘጋጀ ሰው ነው፡፡ ያኔ እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ ኮድ ነበረው፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው አያነበውም፡፡ ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው፡፡ አፋርኛ ግን ዲሚስና ሬዶ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባዘጋጁት ፊደል በላቲን ስለሚጻፍ የፊደል ችግር አልነበረበትም፡፡ የጎደለው የቀኑንና የወሩን ስም ለማሽኑ የሚነግር ሰው ነበር፡፡

በዚያው 1995 ዓ.ም.፣ በወርሃ ሐምሌ፣ ሃምቡርግ ላይ 15ኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ተካሄደ፡፡ ዳንኤል ለጉባኤው ያቀረበው ጥናት ‹‹ፀሐይ›› እና ‹‹ጸሃይ›› ብለን ስንጽፍ ኮምፒውተሩ አንድ ቃል መሆናቸውን እንዴት ይወቅ የሚል ነበር፡፡ ነገሩ በወረቀት አላበቃም፡፡ በፐርል ተጽፎ ሲፓን በሚባለው የፐርል ሰዎች የጋራ ጎተራ ውስጥ በነፃ ተቀመጠ፡፡

እነዚህ የፐርል ሰዎች ራሳቸው የሚያስቀና ልማድ አላቸው፡፡ የኮምፒውተር ጉባኤ የመግቢያ ዋጋ የማይቀመስ በነበረበት ጊዜ፣ በ1999 (እ.ኤ.አ.)፣ ኬቨን ሌንዞና ባልደረቦቹ ፒትስበርግ በሚገኘው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በርካሽ ዋጋ ‹‹ያፕሲ›› የተባለ ጉባኤ አሰናዱ፡፡ ኮዱን የሚጠብቁት ሰዎች የሚያውቁትን ያካፍላሉ፤ ተማሪው ይሰማል፤ ነገ ደግሞ እሱ ጠባቂ ይሆናል፡፡ የኦፕን ሶርስ ውለታ የሚመለሰው እንዲህ ነው፡፡

እናማ ወዳጆቻችን፣ ያቺ ፋይል ዛሬም አለች፡፡ ለሴፕቴምበር ‹‹ዋይሱ››፣ ለኦክቶበር ‹‹ዲተሊ›› ትላለች፡፡ እናቶቻችሁስ እንዲሁ ይሏቸዋል? ስህተት ካለ ሊያርመው የሚችለው ቋንቋውን ከቤቱ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ማስተካከያ ለመላክም የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም፡፡ ዳንኤል የመጀመሪያውን ሥራ ሠርቶልናል፤ ጥበቃውን ግን አንድ ሰው ለዘላለም አይችለውም፡፡ ሰመራ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አላት፡፡ የሚያስፈልገው አንድ አዳራሽ፣ ጥቂት ኮምፒውተርና የሚያውቀውን የሚያካፍል ሰው ነው፡፡ ቅዳሜ ቢሆን ደስ ይለናል፤ በፋይሏ አጠራር ‹‹ሰብቲ››፡፡