የፓተንት ፍለጋ

የፓተንት ፍለጋ አንድ ፈጠራ ቀድሞ ይፋ ሆኖ እንደሆነ ለማወቅ የፓተንት ሰነዶችንና ሌሎች ጽሑፎችን የመመርመር ሥራ ነው። ማመልከቻ ከማስገባት ወይም ምርት ለገበያ ከማቅረብ በፊት፣ አንዳንዴም የሌላን ወገን ፓተንት ለመቃወም ይካሄዳል። በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት የፈጠራ አዲስነት የሚመዘነው በዓለም ዙሪያ ከታወቀው ጋር ስለሆነ ፍለጋው በአገር ውስጥ መዝገብ አይወሰንም።

የመረጃ ቋቶች

የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ኢስፓስኔት እና የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ፓተንትስኮፕ በነፃ ያገለግላሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው ጉግል ፓተንትስ የሰነዶችን ሙሉ ቃል ለመፈለግ ያመቻል። ኢስፓስኔት በተለያዩ አገሮች ለአንድ ፈጠራ የቀረቡ ማመልከቻዎችን በ«ፓተንት ቤተሰብ» አሰባስቦ ያሳያል።

ቃልና ምደባ

በቃል ብቻ መፈለግ ብዙ ያስቀራል። ስለ ጤፍ ዱቄት የሚፈልግ ሰው የእህሉን ስም በላቲን ፊደል በአንድም በሁለትም «ኤፍ» መሞከር፣ ኢራግሮስቲስ ቴፍ የሚለውን ሳይንሳዊ ስምና የቀድሞውን ኢራግሮስቲስ አቢሲኒካ መጨመር አለበት። ክፍተቱን የሚሞላው ሰነዶችን በቴክኒክ ዘርፍ የሚለይ የምደባ ኮድ ነው፤ ለምሳሌ «ኤ21ዲ» የመጋገሪያ ዱቄትንና ሊጥን ይመለከታል። የአውሮፓና የአሜሪካ ቢሮዎች እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በጋራ የሚጠቀሙበት ምደባ 250,000 ያህል ንዑስ ክፍሎች አሉት። የተገኘው ሰነድ የሚጠቅሳቸውና እሱን የሚጠቅሱት ሰነዶችም ይታያሉ። በአውሮፓ ቢሮ የፍለጋ ሪፖርት ላይ «ኤክስ» የተባለ ሰነድ ብቻውን የፈጠራውን አዲስነት ወይም የፈጠራ ደረጃ ጥያቄ ውስጥ የሚያስገባ ነው።

ገደቦች

ማመልከቻ በአብዛኛው ይፋ የሚሆነው ከመጀመሪያው የማመልከቻ ቀን 18 ወራት በኋላ በመሆኑ የቅርብ ጊዜዎቹ አይገኙም። ከፓተንት ውጭ የሆኑ መጻሕፍትና የምርምር ጽሑፎች፣ ያልተጻፈ የባህል ዕውቀትም በፓተንት ቋቶች ውስጥ ላይኖሩ ይችላሉ። የፓተንት መሰጠትም የመጨረሻ ማረጋገጫ አይደለም። የአውሮፓ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2007 ለአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ፓተንት ሰጥቶ ነበር፤ በኖቬምበር 2018 የሄግ ፍርድ ቤት የፈጠራ ደረጃ ይጎድለዋል በማለት በኔዘርላንድ ዋጋ እንደሌለው ወስኗል።