አጎቴ ፈረስ ነው

በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «አጎቴ ፈረስ ነው» አለች ይባላል። ሁላችንም እየሳቅንበት ያደግነው ተረት ነው። ግን ልብ በሉልኝ፤ በቅሎዋ አልዋሸችም። ፈረስ የእናቷ ወገን መሆኑ እውነት ነው። ያደረገችው ነገር ቢኖር ከዘር ሐረጓ የሚያኮራውን መርጣ ጠርታ አህያውን በዝምታ ማለፍ ብቻ ነው። እኛስ ዘራችንን ስንቆጥር ከዚህ የተለየ ምን እናደርጋለን?

የእኔ የዘር ሐረግ የሚመዘዘው ከዳንግላ ነው። ዳንግላ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ የምትገኝ የአዊ ከተማ ናት። አገሩ ደግሞ የፈረስ አገር ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሱን ሸልሞ አደባባይ ይወጣል። ሕዝቡ ስለ አመጣጡ ሲያወራም ነገሩን የሚጀምረው ከሰባት ወንድማማቾች ነው። ከላስታ በኩል መጡ የሚባሉት እነዚህ ወንድማማቾች የ«ሰባት ቤት አገው» አባቶች ናቸው፦ አንከሻ፣ ባንጃ፣ ዚገም፣ ኳኩራ፣ ጫራ፣ አዘና፣ መተከል። ስሞቻቸው ዛሬም አገሩ ላይ ተተክለው ይኖራሉ፤ ወረዳ፣ ዞን፣ ከተማ ሆነዋል። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ግን ለሰባት ወንድማማቾች አንዲት እኅት እንኳ አልነበረቻቸውም? ሚስቶቻቸውስ የማን ልጆች ነበሩ?

ነገሩ ወዲህ ነው። በጎጃም ዘር የሚቆጠረው ለጨዋታ አልነበረም። አንደኛው ምክንያት ጋብቻ ነው፤ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ይህኛው ዛሬም አልቀረም። ሁለተኛውና ብርቱው ምክንያት ግን ርስት ነበር። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በዚያው በጎጃም፣ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ አሳትሞታል። እሱ እንደሚያሳየን አንድ ገበሬ መሬት የሚጠይቀው መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው «ዋና አባት» መወለዱን ቆጥሮ በማስረዳት ነው። መወለዱ በአባትም በእናትም በኩል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ሰው በአያቶቹ በኩል ብዙ ቦታ የመጠየቅ መብት ነበረው፤ ሁሉንም ግን ማግኘት አይችልም። የሚያገኘው የሚከራከርበትን መስመር መርጦ፣ ሽማግሌ አቁሞ፣ ተሟግቶ የረታበትን ነው።

እንግዲህ አስቡት። ዘር ቆጠራ ማለት በዚያ ዘመን የፍርድ ቤት ማስረጃ ነበር። መሬት የሚያስገኝ ቅድመ አያት ሁሌም ይታወሳል። መሬት የማያስገኝ ደግሞ ቀስ እያለ ከቆጠራው ይወጣል። ማንም ሰው «ውሸት ልናገር» ብሎ አልተነሳም፤ ሁሉም እንደ በቅሎዋ ፈረሱን ጠራ፤ በቃ።

ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። አዋጅ ቁጥር 31 የገጠሩን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገው፤ ርስትም ቀረ። ስለ አዋጁ ደግነትና ክፋት ሲወራ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ እኔ አልጨምርበትም። ለዛሬው ጨዋታችን የሚያስፈልገን አንድ ነገር ነው፤ በዚያ ቀን የዘር ቆጠራ ትልቁን ሥራውን አጣ። እስከ ዋና አባት ድረስ አሥር፣ አሥራ አምስት ትውልድ የሚወርደው ሽማግሌ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቀው ሰው አልነበረም። ያልተጠየቀ ደግሞ ይረሳል።

አሁን የልጅ ልጆች መጠየቅ ጀምረዋል። አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ዋሽንግተን፣ አንዱ ቴል አቪቭ ተቀምጦ የአያቱን ስም ኮምፒዩተር ላይ ይጽፍና «ፈልግ» ይላል። ምንም አይመጣም። በእንግሊዝ አገር ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር በየደብሩ እንዲመዘገብ የታዘዘው እ.ኤ.አ. በ1538 ነው፤ ስለዚህ አንድ እንግሊዛዊ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ አራት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ቢሄድ አይደንቅም። በእኛ አገር ስለ ልደትና ሞት መመዝገብ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቢጻፍም ሥራው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው።

ታዲያ ምንም የለም ማለት ነው? አለ እንጂ! ግን ቁልፉ ሌላ ነው።

የመጀመሪያው የቤተ ክርስቲያን ብራና ነው። ወንጌሉና ድርሳኑ በጠርዙና በባዶ ገጹ ላይ የመሬት ስጦታ፣ የሽያጭ፣ የኑዛዜ፣ የእርቅ ጽሑፍ ተሸክሞ ኖሯል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ከ9 ሺህ በላይ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ በሚገኘው የሂል የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን ከሰጡበት ሥራ አንዱ የእነዚህን መጻሕፍት ካታሎግ ማዘጋጀት ነበር። ዛሬ ካታሎጉ በኢንተርኔት ይፈተሻል፤ ብዙውንም ብራና በነጻ ተመዝግቦ ገጽ በገጽ ማየት ይቻላል። ግን ቅድመ አያትህ መጽሐፍ አጽፈው ለደብር ቢሰጡ «አያሌው» ተብለው አይጻፉም። ካህኑ የሚጽፈው የክርስትና ስማቸውን ነው፤ ገብረ ጻድቅ፣ ወለተ ሚካኤል እያለ። ስለዚህ የክርስትና ስማቸውንና ደብራቸውን የማያውቅ ሰው ካታሎጉ ፊት ቢቀመጥ ቅድመ አያቱን በአጠገባቸው ያልፋቸዋል።

ዘመኑም የራሱ ጣጣ አለው። «በዘመነ ሉቃስ» የሚል ብቻ ካገኛችሁ ሉቃስ በየአራት ዓመቱ ይመለሳል፤ የንጉሡን ወይም የአለቃውን ስም ፈልጋችሁ ማጥበብ ነው። በዓመተ ዓለም ከተጻፈ ግን ቀላል ነው፤ 5500 ቀንሱለት። 7380 ያለው 1880 ዓ.ም. ይሆናል።

ሁለተኛው የፈረንጅ መዝገብ ነው። ዳንግላ በዚህ ዕድለኛ ናት። እንግሊዞች እዚያ ቆንስላ ነበራቸው፤ ሜጀር ቺስማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ቆንስል ሆኖ ኖሮባታል። የጣናን ዳርቻና የአባይን ሸለቆ ካርታ ያነሣው ይህ ሰው ነው፤ መጽሐፉ በ1936 ለንደን ታትሟል። እሱና መሰሎቹ ስለ ድንበር፣ ስለ ባሪያ ንግድ፣ ስለ ጣና ግድብ የላኩት ደብዳቤ ለንደን፣ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አለ፤ ካታሎጉም ከዳንግላ ሆኖ በስልክ ሊፈተሽ ይችላል። ነገር ግን እዚያ የአያትን ስም መጻፍ ከንቱ ድካም ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ የፖለቲካ ፋይል በካታሎጉ ላይ የተዘረዘረው በአብዛኛው በአገርና በዓመት እንጂ በሰው ስም አይደለም። ለእነዚያ ዓመታት ለብቻው የታተመ የስምና የርዕስ ማውጫ አለ፤ መጀመር ያለበት ከሱ ነው።

የስሙ አጻጻፍስ? ኢጣሊያናዊው «ዳንጊላ» ለማለት ከ«ጂ» ቀጥሎ «ኤች» ይጨምራል፤ እንግሊዙ አይጨምርም። «አገው»ን አንዱ በ«ደብልዩ»፣ አንዱ በ«ዩ» ይጨርሰዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1770 በአገው ምድር አልፎ ግሽ ዓባይ የደረሰው ጀምስ ብሩስ ደግሞ በመካከሉ «ኦ» ከቶበታል። የሰው ስም ላይ ሲደርስ ይብሳል። ፈረንጅ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም ስለሚያደርገው ታላቁ የታሪክ ምሁራችን ታደሰ ታምራት በአንዱ ማውጫ «ታደሰ» ተብለው፣ በሌላው «ታምራት» ተብለው ይገኛሉ። ለታወቀ ሰው እንዲህ ከሆነ ለባላገሩማ! ደግሞ ሰው ስም ይለውጣል። የጎጃሙ ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ሲነግሡ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሆነዋል፤ በአንዱ ስም ብቻ የፈለጋቸው ሰው ግማሽ ዕድሜያቸውን ያጣል።

ሦስተኛውን እኔ ከሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። ስድስት ኪሎ፣ ገነተ ልዑል ግቢ ባለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የታሪክ ተማሪዎች ለመመረቂያ የጻፏቸው ጽሑፎች አሉ። ብዙዎቹ ተማሪው የተወለደበትን አውራጃና ከተማ ታሪክ የሚያወሩ ናቸው። ሰው ርዕሱን አይቶ ይመልሳቸዋል። እኔ ግን የምመክራችሁ ከኋላ ጀምሩ ነው። መጨረሻቸው ላይ የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር አለ፤ የሽማግሌው ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ ምልልሱ የተደረገበት ቦታና ቀን፣ ሽማግሌው ምን ምን እንደሚያውቁ ጭምር። ዳታቤዙ የሚያውቀው የጽሑፉን ርዕስና የጸሐፊውን ስም ነው፤ እነዚያን አዛውንቶች አያውቃቸውም። ከሃምሳ ዓመት በፊት ዛፍ ሥር ተቀምጠው ለአንድ ተማሪ ታሪክ የነገሩት ሰው የእናንተ አያት ሊሆኑ ይችላሉ።

አሁን ወደ አህያው እንምጣ።

አንዲት እማሆይ ዘመድ አሉኝ። በአባቴ በኩል ሲጠየቁ ሰባት ሳይሆን አሥር ቤት ያለ እንቅፋት ይወርዳሉ። ስለ አባቴ ሴት አያት ስጠይቃቸው ግን «እሷስ ከወደ ቆላ የመጣች ናት» አሉና ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተውም «ልጄ፣ ይቺን ተዋት» አሉኝ።

ዝምታው ምን ማለት እንደሆነ የአካባቢው ሰው ይገባዋል። ከዳንግላ ወደ ምዕራብ አገሩ እየቆለቆለ የጉሙዝ ምድር ይገባል። ያ ምድር ለብዙ ዘመን የባሪያ ፍንገላ ሜዳ ነበር፤ ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያ የመጡ ሰዎች በየቤቱ ኖረዋል፣ ወልደዋል፣ ክርስትና ተነሥተዋል፤ የልጅ ልጆቻቸውም እኛው ነን። በብራናው ጠርዝ ላይ ስማቸው ከበሬና ከመሬት ጋር በኑዛዜ የሚነሣበት ጊዜ አለ። የቆንስሎቹ ደብዳቤም ስለነሱ ያወራል፤ ብዙውን ጊዜ በቁጥር እንጂ በስም አይደለም።

በዚህ ብቻችንን አይደለንም። በአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ነጻ የወጡ ጥቁሮች በሙሉ በስማቸው የተጻፉት ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1870 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት በ1850 እና በ1860 የባሪያ መዝገቦች ላይ የተሞላው የጌታው ስም ነበር፤ የባሪያው ቦታ ላይ ያለው ዕድሜ፣ ጾታና መልክ ብቻ ነው። ስለዚህ ዘራቸውን የሚፈልጉ ጥቁር አሜሪካውያን 1870 ላይ ሲደርሱ ግድግዳ ይገጥማቸዋል። አሌክስ ሄሊ ያን ግድግዳ አልፌ ጋምቢያ ደረስኩ ብሎ በ1976 መጽሐፍ ጻፈ፤ ዓለምም አነበበለት። በኋላ ታሪክ አጥኚዎች ሲመረምሩት እዚያ ያገኘው ተራኪ የነገረው እንግዳው ሊሰማ የሚፈልገውን እንደነበር አሳዩ። ትምህርቱ ለሁለታችንም ነው። አፍ ብቻውን ደስ የሚለንን ይነግረናል፤ መዝገብ ብቻውን ደግሞ የጌታውን ስም ይነግረናል። እውነቱ የሚገኘው አንዱን በሌላው ስንጠይቅ ነው።

ለዚህ ደግሞ ጊዜ የለንም። በ1967 ዓ.ም. የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ሆኖ በርስት ክርክር የቆመ ሰው ዛሬ ሰማንያውን አልፏል። ብራናው ፎቶ ተነሥቷል፤ ይቆያል። የለንደኑም ፋይል አይጠፋም። የመክፈቻው ቁልፍ ግን በእነዚህ አዛውንቶች እጅ ነው። ስለዚህ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ከመሄዳችሁ በፊት ወደ እነሱ ሂዱ። ስንት ቤት እንደሚቆጥሩ ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ። የክርስትና ስማቸው ማን ነበር? ደብራቸው የት ነው? የንስሐ አባታቸውስ? በቤት ውስጥ በአዊኛ ምን እየተባሉ ይጠሩ ነበር? እናታቸው ማን ናት፣ የእናታቸውስ እናት?

«ይቺን ተዋት» ካሏችሁም ለጊዜው ተዉ፤ አዛውንትን ማስጨነቅ ነውር ነው። ግን ያቺ የተዘለለች ሴት ያለችበትን ቦታ ማስታወሻችሁ ላይ ባዶ አድርጋችሁ አስምሩበት። ሌላ ዘመድ ስሟን ያውቅ ይሆናል፤ አንድ ቀን አንድ የብራና ጠርዝ ይናገር ይሆናል። ባዶ መስመር ያለው የዘር ሐረግ እስከ ንጉሥ ሰሎሞን ሞልቶ ከሚወርደው ይልቅ እውነተኛ ነው። ዘር ከልጓም ይስባል ይላሉ አባቶቻችን። ይስባል፤ እኛን የሚስበው ግን ፈረሱ ብቻ አይደለም።